ሚስተር ጎፓል ያወጧት ፀሐይ

ሐሙስ፣ ከሳላይና ወደ ዴንቨር

ከሳላይና የተነሣሁት ሐሙስ ጠዋት ነው። ሳላይና በካንሳስ መሀል ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ከጨረስኩ ወዲህ ከታላቅ እህቴ ከሔለን ጋር የምኖረው እዚያ ነው። ሔለን ወደ ሥራ ስትሄድ አውቶቡስ ጣቢያ አደረሰችኝ። ጣቢያ ይባል እንጂ ከነዳጅ ማደያ ጎን የተቀመጠ አንድ አግዳሚ ወንበር ነው። ሳንድዊችና ውኃ በፌስታል አስያዘችኝና፣ "የሰው ታሪክ ልትጽፊ ሄደሽ ደግሞ አፍሽን ዘግተሽ እንዳትመለሺ" አለችኝ።

የሄድኩበት ጉዳይ ይህ ነው። የአክስቴ ልጅ ሳሙኤል ዳውንታውን ዴንቨር ውስጥ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ገንዘብ ተቀባይ ነው። በትርፍ ጊዜው በትንሽ ዲጂታል ካሜራ አንድ ፊልም ሠርቶ ጨርሷል፤ የቀረው ሙዚቃው ብቻ ነበር። ለሙዚቃው ያገኘው ደግሞ ብዙ ዓመት ቦምቤይ ውስጥ ለፊልምና ለቴሌቪዥን ሙዚቃ ሲሠሩ የኖሩ አንድ ሕንዳዊ አዛውንትን ነው። አሁን ኦሮራ ከሴት ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ፊልሙ ቅዳሜ አመሻሽ በነሳሙኤል ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ እንዲታይ ቀን ተቆርጦለታል። ሳሙኤል በስልክ፣ "የሰውዬውን ታሪክ አንቺ ጻፊልን። ሰዉ ማን እንደሆኑ አውቆ ይስማቸው" አለኝ። ሰው ፊት መናገር እፈራለሁ፤ መጻፍ ግን አልፈራም። ስለዚህ እሺ አልኩ።

ከሳላይና በስተ ምዕራብ መንገዱ እንደተወጠረ ገመድ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። በግራም በቀኝም ማሽላው ቀልቶ አጨዳ ይጠብቃል፤ ስንዴ የተዘራበት ማሳ ደግሞ ገና ጢም እንዳወጣ ጎረምሳ አገጭ ሳሳ ብሎ አረንጓዴ ሆኗል። ከሩቅ ከተማ መስሎ የሚታየው ነገር ሲቀርቡት ረጅም ነጭ የእህል ጎተራና ጥቂት ቤቶች ነው። ኮልቢ በምትባል ከተማ ላይ አውቶቡሱ ለምሳ ቆመ። አንድ ዶላር ከሩብ የገዛሁት ቡና ከውኃ ብዙም አይለይም ነበር። ንፋሱ ክዳኑን ከእጄ ወስዶ መኪና ሥር ከተተው፤ ሾፌሩ አይቶ፣ "ካንሳስ ሰው ሲወጣባት ሁልጊዜ አንድ ነገር ታስቀራለች" አለኝ።

ከኮሎራዶ ድንበር ጥቂት ቀደም ብሎ ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል። ሊሞን ከተባለች ከተማ ካለፍን በኋላ በምዕራብ በኩል ደመና የመሰለኝ ነገር አልንቀሳቀስ አለ። ተራራው ነበር። ከዚያ በኋላ እስከ ዴንቨር ዓይኔን ከእሱ አላነሣሁም።

ሳሙኤል ሥራ ላይ ስለነበር ከጣቢያው የተቀበሉኝ ጋሽ ሃብቶም ናቸው። ጋሽ ሃብቶም አስመራ ተወልደው ያደጉ፣ በስልሳዎቹ ዕድሜ ያሉ ታክሲ ነጂ ናቸው። ሚስተር ጎፓልን ከሳሙኤል ጋር ያስተዋወቁትም እሳቸው ናቸው።

"ጸሐፊዋ አንቺ ነሽ?" አሉኝ ሻንጣዬን እየተቀበሉ። "ጸሐፊ ሲሉኝ መነጽር ያደረገች ትልቅ ሴትዮ ነበር የጠበቅኩት።"

"መነጽሩ ቦርሳዬ ውስጥ ነው" አልኳቸው።

"እንግዲያው አድርጊው። ፓርክ ያደረግኩት በማይፈቀድበት ቦታ ነው። ፖሊስ ከመጣ ትልቅ ሰው ምሰይልኝ።"

በኮልፋክስ ጎዳና ወደ ምሥራቅ ነዳን። የዳውንታውን ሕንፃዎች ወደ ኋላ ቀርተው ሞቴሎች፣ የጎማ ቤቶች፣ የሜክሲኮ ዳቦ ቤቶች መጡ። ኦሮራ ስንገባ የአማርኛና የትግርኛ ጽሑፍ ያለባቸው ሱቆች ታዩ። ጋሽ ሃብቶም በየመብራቱ እያፏጩ ነው የሚነዱት።

"አስመራ ልጅ ሳለሁ የትምህርት ቤቱ ቋንቋ አማርኛ ነበር፤ የሲኒማው ቋንቋ ሕንድኛ" አሉኝ። "አንዱን በግድ፣ አንዱን በውድ ተማርኩ። የቱን በግድ እንደሆነ እንዳትጽፊ።"

ከሚስተር ጎፓል ጋር የተዋወቁት እዚሁ መንገድ ላይ ነው። ወደ ዓይን ሐኪም ሲያመላልሷቸው ለብዙ ጊዜ ከሰላምታ በቀር አልተነጋገሩም። አንድ ቀን ቀይ መብራት ይዟቸው ጋሽ ሃብቶም በልጅነታቸው የሰሙትን የአንድ የሕንድ ፊልም ዜማ አፏጩ። ኋላ የተቀመጡት ሽማግሌ ዜማውን ተቀብለው ጨረሱት።

"'ያውቁታል?' ስላቸው፣ 'ሲቀረጽ ቫዮሊን ከሚመቱት መሀል ነበርኩ' አሉኝ። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላዬ ጡሩንባ ይነፋል፤ እኔ ዞሬ ሰውዬውን አያለሁ። የልጅነቴ ሲኒማ ቤት ታክሲዬ ውስጥ ተቀምጧል።"

አክስቴ ወይንሸት የምትኖረው ግሪን ቫሊ ራንች ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያው ወዲህ ያለ አዲስ ሰፈር ሲሆን ቤቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። እኔና ሔለን እቴቴ ነው የምንላት። ደሴ ያደገች፣ ቀን ቀን አረጋውያንን በየቤታቸው የምትረዳ፣ ቀልድ የምትወድ ሴት ናት። ከሁሉም በላይ የሳሙኤል ፊልም መሪ ተዋናይት እሷ ናት።

ከእራት በኋላ ሳሙኤል ፊልሙን ያለ ሙዚቃ አሳየኝ። ታሪኩ ቀላል ነው። እናት ሌሊት የዳውንታውን ቢሮዎችን ታጸዳለች፤ ልጇ ደግሞ በዚያው ሕንፃ ቀን ትሠራለች። አንድ ቤት እየኖሩ በፈረቃ ምክንያት አይገናኙም። በመጨረሻው ትዕይንት እናት ሥራ ጨርሳ ስትወጣ ልጅ ቀደም ብላ መጥታ ደረጃው ላይ ጠብቃታለች። ፀሐይ ወጥታ ተራራውን ስታቀላ ሁለቱ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አለቀ።

"መጥረጊያ ይዤ ኮሪደሩን ስንት ጊዜ እንዳስደገመኝ አትጠይቂኝ" አለች እቴቴ። "ድሮ ደመወዝ ሲከፈለኝ እንኳ እንዲህ ጠርጌ አላውቅም።"

"ማሚ፣ ኦስካር ስትወስጂ እከፍልሻለሁ" አለ ሳሙኤል። ቀልዱ ግን ጭንቀቱን አልሸፈነውም። ነገ ሚስተር ጎፓል የመጨረሻውን ትዕይንት ሙዚቃ ይቀርጹለታል። ሰው ተጠርቷል፤ አዳራሹ ተይዟል። ያለዚያ ሙዚቃ የመጨረሻው ትዕይንት ሁለት ሴቶች ደረጃ ላይ ተቀምጠው ዝም ሲሉ ብቻ ነው የሚታየው።

ዓርብ፣ ኦሮራ

ሚስተር ጎፓል የሚኖሩት ከሃቫና ጎዳና ገባ ብሎ ባለ አንድ አፓርታማ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ልጃቸው ሱኒታ ሥራ ሄዳለች። እሳቸው ቀጭን፣ አጭር፣ ሹራባቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ ሰው ናቸው። ዝንጅብል ያለበት የወተት ሻይ አፍልተው ሰጡኝና ወጥ ቤት ካለው ጠረጴዛ አስቀመጡኝ። ለምን ሳሎን እንዳላስቀመጡኝ ሳስብ፣ ራሳቸው ወደ ማቀዝቀዣው አመለከቱ።

"ትሰሚዋለሽ?" አሉኝ በእንግሊዝኛ።

ማቀዝቀዣው "እምምም" ይላል።

በሕንድ ሙዚቃ፣ አሉኝ፣ ከዜማው ሥር ሳያቋርጥ የሚሄድ አንድ ድምፅ አለ። ዜማው ሲዞር ውሎ ተመልሶ የሚያርፍበት ቤቱ ነው። እሱን ብቻ የሚያሰማ ሰው ከጎን ይቀመጣል። "አሜሪካ ስመጣ ከጎኔ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም። ከዚያ ግን እዚህ አገር እያንዳንዱ ቤት አንድ እንዳለው አወቅኩ። ደመወዝም አይጠይቅም።"

ሃርሞኒየማቸው ጠረጴዛው ላይ ነበር። በአንድ እጅ የኋላውን ወናፍ እየገፉ በሌላው እጅ ቁልፎቹን የሚመቱበት ትንሽ የእንጨት ሳጥን ነው። ጎረቤት እንዳይረበሽ ለዓመታት አልጋ ሥር አስቀምጠውት ነበር። ያወጡት ለሳሙኤል ፊልም ነው።

ጥያቄዎቼን በወረቀት ጽፌ ነበር የሄድኩት፤ ድምፄ ግን አልወጣልኝ አለ። ሻዩን ሁለት ጊዜ አማሰልኩ። እሳቸው ገባቸው መሰለኝ፣ ሳልጠይቃቸው ጀመሩ።

አባታቸው ጃባልፑር በሚባል ከተማ ሃርሞኒየም ጠጋኝ ነበሩ። ልጁ ጎፓል ተጠግኖ ያለቀውን ሳጥን እየሞከረ ነው መጫወት የተማረው። በዚህም ምክንያት፣ ይላሉ፣ ለብዙ ጊዜ አንድም ዜማ እስከ መጨረሻው አያውቁም ነበር፤ ሳጥኑ እንደተስተካከለ ባለቤቱ መጥቶ ይወስደዋላ። ቫዮሊን የተማሩት ከአንድ የሰርግ ባንድ ተጫዋች ነው። ጎረምሳ ሳሉ በባቡር ቦምቤይ ገቡ። ስቱዲዮ በር ላይ እየቆሙ ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ ከቫዮሊኖቹ መደዳ የመጨረሻው ወንበር ተሰጣቸው።

"የዚያ ወንበር ሕይወት ምልክት መጠበቅ ነው" አሉኝ። "መሪው ዓይኑን ሲያነሣ ትገቢያለሽ። ሲያወርድ ትወጫለሽ። ግማሹን ዕድሜዬን ምልክት ስጠብቅ ኖርኩ።"

ከወንበሩ ተነሥተው ለሌሎች ዜማ ደራሲዎች የእያንዳንዱን መሣሪያ ድርሻ የሚጽፉ ሆኑ። ሁለት ፊልም በራሳቸው ስም ሠሩ። አንዱን ሰው አላየውም፤ ሁለተኛው ጭራሽ ሲኒማ ቤት ሳይገባ ቀረ። የተሳካላቸው ቴሌቪዥን ሲመጣ ነው። በሰማንያዎቹ በየሳምንቱ እሑድ ጠዋት ለሚታይ አንድ ተከታታይ ድራማ የመክፈቻውን ሙዚቃ ሠሩ። በዚያ ሰዓት መንገዱ ጭር ይላል፤ ቴሌቪዥን ያለው ቤቱ፣ የሌለው ጎረቤት ነው። ሚስተር ጎፓል ግን በዚያ ሰዓት ሆን ብለው ከቤት ይወጡና በሰፈራቸው ይሄዱ ነበር። ዜማው ከአንዱ መስኮት ሳይጠፋ ከሚቀጥለው ይቀበላቸዋል። ከመንገዱ ጫፍ እስከ ጫፍ አንድም ድምፅ ሳያመልጣቸው ይሰሙታል።

"ባለቤቴ 'እብድ ነህ፣ ቤት ተቀምጠህ አትሰማም?' ትለኝ ነበር። ቤት ውስጥ እኮ የሚሰማው አንዴ ብቻ ነው።"

ይህን ሲናገሩ ሳቁ። ቀጥሎ ያለውን የተናገሩት ግን ሳይስቁ ነው። ኪቦርድ መጣ። አንድ ኪቦርድ የብዙ ሰው ድምፅ ያወጣል። አንድ ቀን እንደወትሮው ለድራማው ሙዚቃ ሊሠሩ ስቱዲዮ ሲደርሱ ዘበኛው "ስምዎ ዛሬ የለም" አላቸው። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር የራሳቸውን የመክፈቻ ዜማ ሌላ ሰው በኪቦርድ ሲጫወተው ከውጭ ሆነው ሰሙት።

"ጥሩ ይጫወት ነበር" አሉኝ። "ጊዜ ይለወጣል፤ ያ አልከፋኝም። ግን የዚያን ቀን ጠዋት ቤቴ ስልክ ነበረኝ። የሚደውል አልነበረም። ቫዮሊኔን ታቅፌ ከበር ውጭ እንድሰማው ነው የተዉኝ።"

ከዚያ ወዲህ ለፊልምም ለድራማም ምንም አልሠሩም። ባለቤታቸው ሲያርፉ ሱኒታ አመጣቻቸው። እኔ ጽሕፈቴን አቁሜ ማቀዝቀዣውን እየሰማሁ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሳሙኤል ማይክሮፎኑን ይዞ መጣ። ሚስተር ጎፓል ወፍራም የሻይ ካርቶን አጣጥፈው በሁለት ቁልፎች መሀል ሸጎጡ፤ ቁልፉ ተጭኖ ቀረና ያ የማያቋርጠው ድምፅ ወጣ። "ይህ ዜማ የንጋት ነው" አሉን። "እኛ ዘንድ የጠዋት ድምፅ ለጠዋት ብቻ ነው፤ በማታ አይነካም። እናትየዋ ስትወጣ ብርሃኑ ገና እየመጣ ነው። ስለዚህ በንጋት ድምፅ ሠራሁት።" ዓይናቸውን ጨፍነው ተጫወቱ። አምስት ድምፅ ብቻ ነው፤ እየወረደ፣ እየወጣ፣ እየተመለሰ።

ያምር ነበር። የመዘምራን አባል ሆኜ ያደግኩ ነኝና ግን ጆሮዬ ወዲያው አወቀው። አምባሰል ነው። ከእኛው ቅኝቶች አንዱ። ሳሙኤልን አየሁት፤ የጆሮ ማዳመጫውን አድርጎ የድምፅ መጠን ይከታተላል። ሚስተር ጎፓል ደግሞ ሲጨርሱ ፊታቸው በርቶ ነበር። ምንም አላልኩም።

ያን ዕለት እራት ላይ ሳሙኤል ሙዚቃውን ከምስሉ ጋር አያይዞ ለእቴቴ አሳያት። ዓይኗን ሳትነቅል አየች። ሲያልቅ፣ "ማን ሞተ?" አለች።

"ማሚ፣ ማንም አልሞተም። ፀሐይ እየወጣች ነው።"

"በአምባሰል? የደሴ ልጅ ነኝ እኮ ልጄ። ዘፈን ትቻለሁ፤ ጆሮዬ ግን አልተወም። ይሄን ስሰማ ሰው የተለየ ነው የሚመስለኝ። ልጅቷ ደረጃው ላይ የጠበቀችኝ መርዶ ልታረዳኝ ነው እንዴ?"

ሳሙኤል ደግሞ አዳመጠው። አሁን ለእሱም እንዲያ ሆነ። ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

"ነገ እኮ ነው። በቃ፣ ለኳየሩ ኪቦርዲስት እደውልለታለሁ። ጠዋት መጥቶ ደስ የሚል ነገር ይመታልኛል።"

"ሚስተር ጎፓልስ?" አልኩ።

"ስማቸውን እተወዋለሁ። ሲያዩት ይገባቸዋል። ትልቅ ሰው ናቸው፤ አሁን ደውዬ 'አልሆነም' ልበላቸው?"

ሽማግሌው ቅዳሜ ሱፋቸውን ለብሰው ፊት ወንበር ላይ ሲቀመጡና በራሳቸው ቦታ ኪቦርድ ሲሰሙ ታየኝ። ዳግመኛ ከበር ውጭ። ሃርሞኒየሙ ወደ አልጋ ሥር እንደሚመለስ፣ ከዚያም እንደማይወጣ አልተጠራጠርኩም።

"አትደውልለት" አልኩት። "ጠዋት እኔ ሄጄ እነግራቸዋለሁ።"

እቴቴ ቀና ብላ አየችኝ። "አንቺ? ሱቅ ገብተሽ መልስ ሲያጎድሉብሽ ዝም የምትይው ልጅ?"

"አዎ" አልኩ።

ቅዳሜ፣ ዳግመኛ ኦሮራ

ጠዋት ጋሽ ሃብቶም ወሰዱኝ። በመንገድ ላይ ነገሩን ስነግራቸው ማፏጨታቸውን አቆሙ።

"ከቱሪስት ጋር ስለ ታሪፍ እጣላለሁ፤ ይሄን ግን አልችለውም" አሉኝ። "ታች ሆኜ እጠብቅሻለሁ። ካባረሩሽ ቶሎ ውረጂ፤ ሞተሩን አላጠፋም።"

ሚስተር ጎፓል በሩን ሲከፍቱ ሱፋቸውን ለብሰው ነበር። ዝግጅቱ አመሻሽ ነው፤ እሳቸው ከጠዋቱ ለብሰዋል። ያን ሳይ ልመለስ ትንሽ ቀረኝ።

ወጥ ቤት ተቀመጥን። ዓይኔን ጠረጴዛው ላይ ተክዬ በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው። ዜማው እንደሚያምር፣ ግን እኛ ዘንድ ያ ድምፅ ንጋት እንዳልሆነ፣ አክስቴ ስትሰማው ሰው የተለየ እንደመሰላት፣ ሳሙኤል ሌላ ሰው ሊጠራ እንደነበር፣ እኔም ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት ብዬ እንደመጣሁ።

 ተነሥተው የሃርሞኒየሙን ክዳን ዘጉት። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ወደ ምድጃው ሄዱ፤ ውኃ ሲሞላ፣ ዝንጅብል ሲፈጭ ሰማሁ። አለቀ ብዬ ቦርሳዬን ያዝኩ።

"የት ትሄጃለሽ?" አሉኝ ሳይዞሩ። "ሻይ እያፈላሁ ነው።"

ሻዩን ፊቴ አስቀምጠው ተቀመጡ። "በሙያዬ ብዙ ጊዜ ተሳስቻለሁ። ብዙ ጊዜም ተተክቻለሁ" አሉ ቀስ ብለው። "ቤቴ ድረስ መጥቶ የነገረኝ ሰው ግን አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።" ከዚያ ክዳኑን መልሰው ከፈቱ። "እሺ ልጄ። እናንተ ዘንድ ጠዋት እንዴት ይዘመራል? ዘምሪልኝ።"

ብቻዬን ዘምሬ አላውቅም። በኳየር ሁልጊዜ ሁለተኛው መደዳ ላይ ከረጃጅሞቹ ልጆች ኋላ ነው የምቆመው። ግን "አልችልም" ብዬ ልመልሳቸው አልደፈርኩም። ፊቴን ወደ ማቀዝቀዣው መለስኩና እሑድ ጠዋት ከምንዘምራቸው አንዱን ጀመርኩ። ድምፄ በመጀመሪያ ተቆረጠ። ማቀዝቀዣው ግን ከሥር "እምምም" እንዳለ ቆየልኝ፤ እሱን ተደግፌ ቀጠልኩ።

እሳቸው በአንድ ጣታቸው ይከተሉኛል። አስደገሙኝ። ደግሜ ስዘምር የትናንቱን የካርቶን ቁራጭ ከተሸጎጠበት አውጥተው ቀጥሎ ባለው ቁልፍ ሸጎጡት። ከዚያ የራሳቸውን የትናንት ዜማ፣ አንዲት ድምፅ ሳይለውጡ፣ ከላይ ተጫወቱት።

ሌላ ዜማ ሆነ። እነዚያው አምስት ድምፆች ናቸው፤ ማረፊያቸው ብቻ አንድ እርምጃ ፈቀቅ ብሏል። ትናንት የሚያለቅሰው ዛሬ ፊቱን ታጥቦ የወጣ ይመስላል። በአማርኛ "ወይኔ" ብዬ አፌን ያዝኩ።

"የእናንተ ጠዋት ከእኔ ጠዋት ጎረቤት ነው" አሉ ሚስተር ጎፓል። "በመሀላቸው ያለው አንድ ቁልፍ ነው።" ከዚያም ጥቂት አስበው፣ "ግን የትናንቱን አንጥለውም። ሴትየዋ ሌሊቱን ሙሉ ደክማለች፤ ኮሪደሩ ላይ የትናንቱ ይሂድ። በሩን ከፍታ ስትወጣ፣ ልጇን ስታያት፣ ያኔ ቤቱን እንለውጠዋለን። ለዚህ ግን ሁለት እጅ አይበቃኝም። አንዱ ወናፉን ይገፋል፣ አንዱ ዜማውን ይመታል። ቁልፉን የሚይዝ ሰው ያስፈልገኛል።"

ሰው ለመፈለግ ዞር አልኩ። ከእኔ በቀር ማንም የለም።

ስቆይባቸው ጋሽ ሃብቶም ሞተራቸውን አጥፍተው ወደ ላይ ወጡ፤ ነገሩን ሲሰሙ ሳሙኤልን ከሥራው ሊያመጡት ሮጡ። ሳሙኤል ዩኒፎርሙን ሳያወልቅ ደረሰ። "ለኪቦርዲስቱ አልደወልኩለትም፤ እባካችሁ ይሁን" አለ። ሚስተር ጎፓል ፊልሙን ሳሙኤል ባመጣት ትንሽ ስክሪን ፊታቸው አስቀመጡ። እኔ ከጎናቸው ተቀምጬ አመልካች ጣቴን ቁልፉ ላይ አሳረፍኩ።

"መቼ ነው የምለውጠው?" አልኳቸው።

"እኔን እዪኝ። ምልክት እሰጥሻለሁ።"

ስክሪኑ ላይ እቴቴ መጥረጊያዋን አስቀመጠች፣ ሊፍት ገባች፣ ወረደች። ዜማው ከባድ ሆኖ አብሯት ወረደ። በሩን ስትገፋ ሚስተር ጎፓል ዓይናቸውን ከስክሪኑ አንሥተው ወደ እኔ አዩና ቅንድባቸውን ከፍ አደረጉ። ጣቴን ወደሚቀጥለው ቁልፍ አሻገርኩ።

በመጀመሪያው ሙከራ አልሆነም፤ ዘገየሁ። በሁለተኛው ጋሽ ሃብቶም አስነጠሱ። በሦስተኛው ሆነ።

አመሻሽ ላይ አዳራሹ ሞላ። ከሥራ ልብሳቸው ጋር የመጡ ነርስ ረዳቶች፣ ታክሲ ነጂዎች፣ ፋንዲሻ የያዙና እርስ በርሳቸው በእንግሊዝኛ የሚያወሩ ሕፃናት ነበሩ። የሚስተር ጎፓልን ታሪክ ጽፌ ያባዛሁት ወረቀት በየወንበሩ ተቀምጧል። እሳቸው ከሱኒታ ጋር ፊት ወንበር ላይ ናቸው፤ እቴቴ ከአጠገባቸው፣ እኔ ከእቴቴ ኋላ። ሳሙኤል ለእናቱ ስለ ሙዚቃው ምንም አልነገራትም ነበር።

ሰዉ በእቴቴ መጥረጊያ ሳቀ፤ እናትና ልጅ በማቀዝቀዣ በር ላይ መልእክት ሲለዋወጡ ዝም አለ። የመጨረሻው ትዕይንት ሲመጣ አምባሰሉ ጀመረ። የእቴቴ ትከሻ ዝቅ ሲል ከኋላ አየሁ። ሚስተር ጎፓል ፊልሙን አላዩም፤ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው የሚያዩት እሷን ነበር። በሩ ተከፈተ። ያቺ አንድ ቁልፍ ተሻገረች። ተራራው ቀላ።

እቴቴ ትንፋሿን ለቀቀች። ለማንም ሳይሆን ለራሷ፣ "አሁን ወጣች" አለች።

ሱኒታ ምን እንደተባለ ጠየቀችኝ። ተርጉሜ ነገርኳት፤ እሷ ደግሞ በአባቷ ጆሮ በቋንቋቸው ደገመችላቸው። ሚስተር ጎፓል ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው በሱፋቸው ጫፍ ለረጅም ጊዜ ጠረጉት። ስማቸው በአማርኛ ፊደል ብቻውን ስክሪኑ ላይ ወጣ። ሊያነቡት አይችሉም፤ ጋሽ ሃብቶም ግን ከኋላ ተነሥተው አነበቡላቸው፣ ሰዉም አጨበጨበ። ስንወጣ ሚስተር ጎፓል ሳሙኤልን ክንዱን ይዘው፣ ሕፃኑ ሁሉ ፋንዲሻ የሚያኝከው በኮሪደሩ ትዕይንት ላይ መሆኑን፣ እዚያ ጋ ዜማው ማጠር እንደነበረበት ሲነግሩት ሰማኋቸው። ለሚቀጥለው ሥራ፣ አሉት፣ ምስሉን ቀደም ብሎ ያምጣላቸው።

እሑድ፣ ወደ ቤት

ጋሽ ሃብቶም ጣቢያ ሲያደርሱኝ እከፍላለሁ፣ አትከፍይም ብለን ተከራከርን፤ እሳቸው አሸነፉ። እቴቴ ያስያዘችኝ ምግብ ለግማሹ አውቶቡስ የሚበቃ ነበር። ሊሞን ስንደርስ ዞሬ ተራራውን አየሁት፤ እንደገና ደመና መስሏል። ካንሳስ አንድ ሰዓቴን መልሳ ወሰደች።

በመንገዱ ላይ የማስበው ስለዚያ የቦምቤይ ስልክ ነበር። ማንም ያልደወለበትን። እነዚያ የስቱዲዮ ሰዎች ክፉ የነበሩ አይመስለኝም፤ ምናልባት እንደ ሳሙኤል አክብረዋቸው፣ ምናልባት እንደ እኔ ፈርተው ይሆናል። ዝምታዬን እስከ ዛሬ ጨዋነት አድርጌ ነበር የማየው። አሁን ሰውን ከበር ውጭ የሚያስቆም ዝምታም እንዳለ አውቃለሁ። እዚያች ወጥ ቤት ውስጥ ባልናገር ኖሮ ጨዋ እባል ነበር፤ ሃርሞኒየሙም አልጋ ሥር ይሆን ነበር።

ሔለን ከነዳጅ ማደያው አጠገብ ጠበቀችኝ። ቤት ገብተን ጫማዬን ሳወልቅ እሷ ምግብ ልታሞቅ ወጥ ቤት ገባች። ተከትያት ገባሁ። የእኛም ማቀዝቀዣ "እምምም" ይላል፤ እስከዚያን ቀን ሰምቼው አላውቅም። ጠረጴዛው ላይ ክንዴን አስደግፌ ቆየሁና፣ ከሥሩ ድምፁን ይዤ ዜማውን ጀመርኩ። ቀስ ብዬ ነበር፤ ግን ብቻዬን።

ሔለን ማንኪያ እንደያዘች ዞረች። "አንቺ ነሽ የምትዘምሪው? ምንድን ነው እሱ?"

"ጠዋት ነው" አልኳት። "ቁጭ በይ፤ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።"